ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክል እድሳትና ስለ ጥንተ መልኩ አጠባበቅ

ስለ ሰው ልጅ የእጅ ሥራ የሚያጠኑ ሊቃውንት ዘወትር የሚያተኩሩት በሸክላ፣ በሽመና፣ በአንጥረኛ ሥራና ይህን በመሰለው ጥንታዊ ሞያ ላይ ነው። ነገር ግን ከፋብሪካ የወጣ መሣሪያም ዕድሜው በገፋ ጊዜ እንደ ማናቸውም የእጅ ሥራ የሠሪውንና የተጠቃሚውን ኑሮ የሚመሰክር ቅርስ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች አሮጌ ቀላል ሞተር ሳይክሎችን እየፈለጉ ወደ ጥንት መልካቸው ለመመለስ የሚደክሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሥራቸው በሩቁ ሲያዩት የጊዜ ማሳለፊያ ይመስላል፤ በቅርብ ለሚመረምረው ግን የብራና መጻሕፍትን እያስተያየ የመጀመሪያውን ንባብ የሚፈልግ ሊቅ ከሚገጥመው ችግር ጋራ አንድ ዓይነት ችግር አለበት። ይኸውም፦ በአንድ ዕቃ ላይ ከተደራረቡት የዘመን ንብርብሮች መካከል «ጥንታዊው» የትኛው ነው? እርሱን ለማግኘት ሲባል የሚፋቀውስ ንብርብር ምን ምስክርነት ይዞ ይጠፋል? የሚል ነው።

ይህን ጉዳይ ለማስረዳት በ1948 በበርሚንግሃም ከተማ መሠራት የጀመረችው ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም ዲ1 የተባለችው ሞተር ሳይክል የተመቸች ምሳሌ ናት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. የትውልድ ሐረጓ

ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው ኩባንያ በ1861 በበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች የተቋቋመ ሲሆን፣ ምልክቱም እርስ በርሳቸው ተደግፈው የቆሙ ሦስት ጠመንጃዎች ነበሩ። «ባንታም» ማለት ደግሞ ቁመቱ ያነሰ የዶሮ ዘር ስም ነው፤ ስለዚህ በሞተር ሳይክሏ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ላይ የአውራ ዶሮ ሥዕል ይታያል። ስሙና ምልክቱ እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ ንድፉ ከሌላ አገር የመጣ ነው።

በጀርመን አገር በሳክሶኒ ግዛት ቾፓው በምትባል ከተማ፣ ዮርገን ስካፍተ ራስሙሰን የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ የመሠረተው ዲ.ካ.ቬ. የተባለ ፋብሪካ ነበር። በዚህ ፋብሪካ መሐንዲሱ ኸርማን ቬበር የነደፋት አር.ቴ. 125 የምትባል ቀላል ሞተር ሳይክል በ1939 ታየች። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኖቬምበር 19 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች በበርሚንግሃም ስሞል ሂዝ የነበረውን የቢ.ኤስ.ኤ. ፋብሪካ ደብድበው 53 ሠራተኞች ሞቱ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ የዲ.ካ.ቬ. ንድፍ እንደ ጦር ካሣ ተቈጥሮ ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት ክፍት ሆነ፤ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በጀርመን ቦምብ በተመታው ፋብሪካም የጀርመን ንድፍ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ሆኖ ተሠራ።

ከዚያችው ከአንዲት እናት የተወለዱት ሌሎችም ናቸው። በሶቭየት ኅብረት ሞስክቫ ኤም1ኤ የምትባለው በ1946 ተሠራች። በአሜሪካ ሃርሊ ዴቪድሰን የተባለው ኩባንያ ከ1947 ጀምሮ የራሱን 125 አወጣ። በጃፓን ደግሞ ያማሃ በ1955 የመጀመሪያ ሞተር ሳይክሉን ዋይ.ኤ.1ን በዚሁ ንድፍ አብነት ሠራ፤ ሕዝቡም ከቀለሟ የተነሣ «ቀይዋ የውሃ ተርብ» ብሎ ጠራት። በቾፓው በራሱ የምሥራቅ ጀርመን ፋብሪካ ሥራውን ቀጠለ፤ በምዕራብ ጀርመንም ዲ.ካ.ቬ. በኢንጎልሽታት ከተማ በ1949 እንደገና ማምረት ጀመረ።

አንድ መጽሐፍ ከአንድ እናት ቅጂ በየገዳሙ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ጸሓፊ የአገሩን ልማድ እንደሚጨምርበት ሁሉ፣ በእነዚህም ልዩ ልዩ ቅጂዎች ላይ የየአገሩ ልማድ ይነበባል። በጀርመኗ ላይ የማርሽ መለወጫውና በእግር የሚረገጠው ማስነሻ በግራ በኩል ነበሩ። በዚያን ዘመን እንግሊዛዊ ነጂ ማርሽ የሚለውጠው በቀኝ እግሩ ስለ ነበረ፣ የበርሚንግሃም ሰዎች ንድፉን በመስተዋት እንደሚታይ አድርገው ገለበጡትና ሁለቱም ወደ ቀኝ ዞሩ። በሚሊሜትር የተሰጠውም ልክ ወደ ኢንች ተለወጠ። ይሁን እንጂ የሲሊንደሩ ውስጣዊ ስፋት 52 ሚሊሜትር፣ ፒስተኑ የሚመላለስበትም ርዝመት 58 ሚሊሜትር እንደ ሆነ ቀረ። በሞስኮና በጃፓንም ልኩ ይኸው ነው። ስለዚህ ምልክቱ በጠፋበት ሞተር ላይ እንኳ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የትውልዱን ሐረግ ይናገራሉ።

2. የሞተሩ አሠራር

የባንታም ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደርና ሁለት ምት ነው፤ ጠቅላላ ይዘቱ 123 ሴንቲሜትር ኩብ፣ ኀይሉም አራት ተኩል የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። በሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተከፈቱትን መስኮቶች ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ይከፍታቸዋል፤ ይዘጋቸዋልም። ከዚህ ቀደም በነበሩት ሁለት ምት ሞተሮች አዲሱ አየርና ቤንዚን ከተቃጠለው ጭስ ጋራ እንዳይቀላቀል የፒስተኑ ራስ ጉብታ ይደረግለት ነበር። አዶልፍ ሽኑርለ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ባወጣው ዘዴ ግን አዲሱ አየር ከግራና ከቀኝ በኩል ገብቶ ወደ አንደኛው ግድግዳ ይወረወራል፤ ከዚያም ወደ ላይ ተጠምዝዞ ሲመለስ ጭሱን እየገፋ ያስወጣዋል። ስለዚህ ጉብታው ቀረ፤ ፒስተኑም ቀለል አለ። ዲ.ካ.ቬ. በዚህ ዘዴ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ይጠቀም ነበር።

ይህ አሠራር እድሳቱንም ይወስነዋል። አየሩ በቅድሚያ የሚታመቀው ከፒስተኑ በታች ባለው የሞተር ቤት ውስጥ ስለ ሆነ፣ በዋናው ዘንግ ዙሪያ ያለው ፓራሎዮ ወይም በሞተር ቤቱ መጋጠሚያ ያለው ጓርኒሲዮን ካለቀ ሞተሩ አየር ይስባል፤ ለመነሣትም እንቢ ይላል። ማለስለሻው ከቤንዚኑ ጋራ የተቀላቀለ ዘይት ስለ ሆነ ድብልቁ ሲያንስ ኩሽኔታውና ፒስተኑ ይቃጠላሉ፤ ሲበዛ ደግሞ ጥቀርሻው ማርሚታውን ይደፍነዋል። በጥንቱ ዘመን ዘይቱ ከቤንዚኑ አንድ ሃያኛ ያህል ነበር፤ የዛሬው ዘይት የተሻለ ስለ ሆነ ብዙ ሰዎች ከዚያ ያነሰ ይጨምራሉ። እንግዲህ ከመጀመሪያው አንድ ነገር ግልጥ ይሆናል፤ ሞተር ሳይክሏ እንድትሄድ ከተፈለገ አንዳንድ ክፍሏ መለወጡ አይቀርም። ጥያቄው መለወጥ ወይም አለመለወጥ ሳይሆን፣ የትኛው ክፍል ቢለወጥ ምስክርነት እንደማይጠፋ መለየት ነው። የጐማ ፓራሎዮ ሲለወጥ ከዓይን የተሰወረና ምንም ነገር የማይናገር ዕቃ ይወጣል፤ ቀለም ሲፋቅ ግን ብዙ ነገር ይወጣል።

3. «ጥንታዊ» የሚለው ቃል ሦስት ትርጉሞች

አዳሾች ሁሉ «እንደ ጥንቱ» የሚለውን ቃል ይወዱታል፤ ነገር ግን በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ሦስት የማይስማሙ አሳቦች ተሰውረዋል።

የመጀመሪያው አሳብ የፋብሪካው ሐሳብ ነው። ይህም በንድፉ፣ በዋጋ ዝርዝሩና በመለዋወጫ መጽሐፉ የተጻፈችው ባንታም ናት። እንደዚህ ያለችው ሞተር ሳይክል በወረቀት ላይ ትገኛለች እንጂ በመንገድ ላይ ላትገኝ ትችላለች፤ ምክንያቱም ፋብሪካው የጎደለውን ዕቃ በሌላ ይተካ፣ በዓመቱ መካከልም ያለ ማስታወቂያ አሠራሩን ይለውጥ ነበር።

ሁለተኛው አሳብ አንዲቱ ሞተር ሳይክል በራሷ ከፋብሪካው በር በወጣችበት ቀን የነበራት መልክ ነው። ይህን ለማወቅ የሚረዱት በቴላዮውና በሞተሩ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ናቸው። ለምሳሌ ያህል የመጀመሪያዎቹ ባንታሞች የኋላ ሞላ አልነበራቸውም፤ ከ1950 ወዲህ ግን ቀጥ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ የኋላ ሞላ ለሚፈልግ ሰው ይሰጥ ጀመር፤ በቴላዮው ቁጥር ፊት «ኤስ» የተባለው የላቲን ፊደል ተጨምሮ ሲገኝም ይህን ያመለክታል። በዚያን ዘመን የቢ.ኤስ.ኤ. የሞተር ቁጥርና የቴላዮ ቁጥር አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ስላልተመሳሰሉ ብቻ ሞተሩ ተለውጧል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። የትኛው ሞተር ከየትኛው ቴላዮ ጋራ እንደ ወጣ የሚታወቀው ፋብሪካው ዕቃውን ለነጋዴ ሲያስረክብ ከጻፈው መዝገብ ነው።

ሦስተኛው አሳብ ተጠቃሚዎቿ ያደረጓት ሞተር ሳይክል ናት። ባንታም የሀብታም መጫወቻ አልነበረችም። ከጦርነቱ በኋላ ቤንዚን በራሽን ይታደል በነበረበት፣ መኪና መግዛትም ለብዙ ሰው ሕልም በነበረበት ጊዜ፣ ሠራተኛ ወደ ፋብሪካው የሚሄድባት፣ ወጣት መንዳት የሚማርባት ርካሽ መጓጓዣ ነበረች። እንዲህ ያለው ባለቤት የተሰበረውን በብየዳ ያስቀጥላል፤ የጠፋውን ቡሎን በአገኘው ይተካል፤ ለምሳ ዕቃው መያዣ ሣጥን ይሠራል። ከፋብሪካው አሳብ ጋራ የማይስማማው ይህ ሁሉ ለኅብረተሰብ ጥናት ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም የፋብሪካው ንድፍ በወረቀት ተጠብቆ ሊገኝ ሲችል፣ የባለቤቱ ጥገና ግን ከራሷ ከሞተር ሳይክሏ በቀር በሌላ ስፍራ አልተጻፈም።

4. ቀለም እንደ ምስክር

እነዚህ ሦስት አሳቦች እንዴት እንደሚጋጩ ከሁሉ ይልቅ በቀለም ላይ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ባንታሞች ቀለም ጉም የመሰለ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበር፤ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ጎንና ጎንም የዝሆን ጥርስ በመሰለ ቀለም ይቀባ ነበር። ስለዚህ አንዲት የዛገች ባንታም ያገኘ አዳሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ብረቱን በአሸዋ ንፋስ አስፍቆ ይህንኑ አረንጓዴ መቀባት ነው።

ነገር ግን የብሪታንያ ፖስታ መሥሪያ ቤት ለቴሌግራም አድራሾች ብዙ ባንታሞች ገዝቶ ነበር፤ የእነርሱም ቀለም የመሥሪያ ቤቱ ቀይ ነበር። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች አገልግሎታቸውን ሲጨርሱ ለሕዝብ ይሸጡ ነበርና ገዢው ቀዩን በሌላ ቀለም ይሸፍነዋል። በብሪታንያ የአገር ውስጥ ቴሌግራም አገልግሎት በ1982 ቀርቷል፤ ቴሌግራም በሞተር ሳይክል ተቀብሎ የሚያውቅ ትውልድም እየተመናመነ ሄዷል። እንግዲህ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ቀይ የሆነች ባንታም ስትገኝ፣ ቀለሟ ሁሉ ተፍቆ አረንጓዴ ብትቀባ በዋጋ ዝርዝር ላይ ያለውን ሥዕል ትመስላለች፤ እርሷ ግን በሕይወቷ ያን መልክ ይዛ አታውቅም። «እንደ ጥንቱ» በሚል ስም የተደረገው ሥራ ያልነበረ ነገር ይፈጥራል፤ የነበረውንም ያጠፋል።

ጠንቃቃ አዳሽ ስለዚህ ከመፋቁ በፊት የቀለሙን ንብርብር ያነብባል። ከዓይን በተሰወረ ስፍራ፣ ለምሳሌ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ገጽ፣ የጥፍር ያህል ቦታ መርጦ በረቂቅ የአሸዋ ወረቀትና በውሃ ቀስ እያለ ያሸዋል። ቀለሞቹ እንደ ዛፍ ግንድ ክበብ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተከታትለው ይታያሉ፤ እስከ ብረቱም ድረስ ይቈጠራሉ። ይህ ሥራ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ነው፤ የሚያስገኘው እውቀት ግን ከማናቸውም መጽሐፍ አይገኝም።

የቀለሙም ዓይነት ራሱ ይናገራል። በፋብሪካው ጊዜ ቀለሙ በእሳት ምድጃ የሚጋገር ነበር። ዛሬ በዱቄት መልክ ተረጭቶ የሚጋገረው ቀለም ጠንካራና ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ወፍራም ስለ ሆነ የተመቱትን ቁጥሮችና የብየዳውን ጠርዝ ይሸፍናል። ከላይ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቅ ጥርት ያለ ሽፋን የሚደረግበት የዘመኑ ቀለምም በ1948 ያልነበረ ውበት ይሰጣታል።

5. ክሮም፣ ቡሎንና መብራት

ሌላው ምሳሌ ክሮም ነው። ክሮም በብረት ላይ የሚለበጠው አስቀድሞ ኒኬል ከተለበጠ በኋላ ነው። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲነሣ ኒኬል ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ፣ የብሪታንያ ሞተር ሳይክል ሠሪዎች በ1951ና በ1952 ገደማ የሚያብረቀርቀውን ክፍል ቀንሰው በቀለም ተኩት። የእነዚያን ዓመታት ሞተር ሳይክል ወስዶ ከራጂ እስከ መሪ ሁሉን ክሮም የሚያስለብጥ ሰው ዓይን የሚማርክ ዕቃ ያገኛል፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን እጥረት ከዕቃው ላይ አጥፍቶታል። የእጥረት ዘመን ዕቃ ድህነቱን ሲያሳይ ነው እውነተኛ የሚሆነው።

ቡሎንም እንዲሁ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሞተር ሳይክሎች ላይ ከብስክሌት ሥራ የተወረሰው በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ጥርስ ያለው ቡሎን ይገኝ ነበር። የዛሬ ገበያ የሚያቀርበው በሚሊሜትር የተለካውን ስለ ሆነ፣ አዲሱን በአሮጌው ቀዳዳ በግድ የሚያስገባ መካኒክ የቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላም ትክክለኛው ቡሎን ቢገኝ አይዝም። እዚህ ላይ ጥንቱን መጠበቅ ከሜካኒካዊ ጥንቃቄ ጋራ አንድ ነው።

የማርሚታውና የፓራፋንጎው ቅርጽ ዘመንን ይለያል። የመጀመሪያዎቹ ባንታሞች ማርሚታ ጠፍጣፋ ነበረ፤ ኋላ ግን ክብ ቱቦ ሆነ። የፊቱም ፓራፋንጎ በመጀመሪያ ሰፊ ነበረ፤ ከዚያ ጠበበ። ዲ1 እስከ 1963 ስለ ተሠራች፣ የ1949ን ቴላዮ ከ1955 ማርሚታ ጋራ ያጣመረች ሞተር ሳይክል ማግኘት የተለመደ ነው። አዳሹ እዚህ ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ዕቃው ስሕተት ነውን? ብቻ ሳይሆን፣ መቼና ለምን ገባ? ብሎ ነው። በ1956 የተደፈነ ማርሚታውን ጥሎ ያገኘውን የገጠመ ባለቤት ትክክለኛ ታሪክ ሠርቷል። ባለፈው ዓመት ከገበያ ተለቃቅሞ የተገጠመ ከሆነ ግን ያ ቅጥያ የሚናገረው ታሪክ ስለሌለው ያለ ጭንቀት ሊወጣ ይችላል።

መብራቷ ባለ 6 ቮልት ነበረ፤ የኤሌክትሪክ ኀይሉንም የሚሰጠው በሞተሩ ዘንግ ላይ የሚዞር ማግኔት ነው። ባትሪ በሌላቸው ላይ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ መብራቱም ይደክማል። ዛሬ በሚበዛው የመኪና ትርምስ መካከል በሌሊት ለሚነዳ ሰው ይህ አደጋ አለበት፤ ስለዚህ ብዙዎች 12 ቮልት ያስገባሉ። ይህን መኰነን አይገባም፤ የሰው ሕይወት ከዕቃ ይበልጣልና። ነገር ግን የወጣው ማግኔት፣ ቦቢናና ሽቦ ስማቸው ተጽፎባቸው በሣጥን ከተቀመጡ፣ አዲሱም ያለ መቍረጥና ያለ መብሳት ከተገጠመ፣ የሚመጣው ባለቤት ወደ ቀድሞው ሊመልሰው ይችላል።

6. የእድሳት ወሰን

የሕንፃ ጠባቂዎች ይህን ክርክር አስቀድመው አካሂደውታል። በ1964 በቬኒስ የወጣው የሐውልቶችና የታሪካዊ ስፍራዎች ጥበቃ ቻርተር፣ እድሳት ግምት ከሚጀምርበት ላይ መቆም እንዳለበት ደንግጓል። በ1966 የተቋቋመው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽንም በ2012 የቱሪን ቻርተር የሚባለውን መመሪያ ተቀብሎ ተሽከርካሪዎችን ከዚሁ አሳብ ሥር አስገብቷል። የዚህም ፍሬ ነገር ዕቃውን እንዳለ መጠበቅ ከማደስ እንዲቀድም፣ የሚደረገውም ሁሉ እንዲመዘገብ ነው።

ይህ መመሪያ በሁሉ ስፍራ እኩል የሚሠራ አይደለም። በበርሚንግሃም አጠገብ በ1984 የተከፈተው ብሔራዊ የሞተር ሳይክል ሙዚየም በሴፕቴምበር 2003 ተቃጥሎ 380 ያህል ሞተር ሳይክሎች በእሳት ተበሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ እንደገና ታድሰዋል። ከአመድ በወጣ ብረት ላይ የሚጠበቅ ቀለም ስለሌለ፣ በዚያ ስፍራ ያለው ምርጫ እንደገና መሥራት ወይም መተው ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው እድሳት የሚነቀፍ አይደለም፤ የሚነቀፈው በጎተራ ውስጥ ቀለሟንና ጠባሳዋን ይዛ የተገኘችውን ሞተር ሳይክል እንደ ተቃጠለችው አድርጎ መሥራት ነው።

እንግዲህ የሥራው ቅደም ተከተል በአጭሩ እንዲህ ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ አንድ ቡሎን ሳይፈታ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቁጥሮቹ ይገለበጣሉ፤ የቀድሞ ባለቤቶች ቃልም ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ዝገቱና ቅባቱ በዘይትና በጨርቅ ይጸዳል፤ ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ የመፋቅ አስፈላጊነት ራሱ ይቀራል። ሦስተኛ፣ ለጉዞና ለደኅንነት የግድ የሆኑት፣ ማለትም ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ የፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታና ፓራሎዮ ይለወጣሉ። አራተኛ፣ ቀለም የሚያስፈልገው ክፍል ካለ የቀድሞው ንብርብር በአንድ ስፍራ ሳይነካ እንዲቀር ይደረጋል። በመጨረሻም የተደረገው ሁሉ ተጽፎ ከሞተር ሳይክሏ ጋራ ይኖራል።

ከባንታም ዝርያዎች የመጨረሻዋ በ1971 ተሠርታለች፤ ኩባንያውም በ1973 ከሌሎች ጋራ ተዋሕዶ ራሱን የቻለ መሆኑ ቀርቷል። ከ350,000 በላይ እንደ ተሠሩ ስለሚገመት፣ እስከ ዛሬ ባንታም ብርቅ አይደለችም፤ ታድሳ የምታብረቀርቅም በቀላሉ ይገኛል። እየጠፋ ያለው ሌላ ነው፤ ያልተነካችው፣ የቴሌግራም አድራሹን ቀይ፣ የሠራተኛውን ብየዳና የእጥረቱን ዘመን ቀለም በላይዋ የያዘችው ናት። የተዘነጋ ክፍል በኋላ ሊታደስ ይችላል፤ የተፋቀ ንብርብር ግን በማናቸውም ጥበብ አይመለስምና፣ በተጠራጠረ ጊዜ እጁን የሚሰበስብ አዳሽ ለተመራማሪው የሚጠቅመውን አብዛኛውን ሥራ ሠርቷል።